በስሕተት የገደለ እጅ ምን ይፈረድበታል?

መድኃኒት የሚለው ስም ድኅነ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ነገር ግን ስሙ ብቻውን አያድንም። ባገራችን ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ኮሶ በልኩ ቢጠጣ ትሉን ያወጣል፤ ከልኩ ቢያልፍ ጠጪውን ይጎዳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1541 ዓ.ም. የሞተው ሐኪም ፓራሴልሰስም መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው መጠኑ ነው ብሎ አስተምሯል። ስለዚህ የበሽተኛው ሕይወት የተሰጠው ለሐኪሙ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚዪቱም እጅ ነው።

ነርሶች ሲማሩ አምስት ነገር እንዲያረጋግጡ ይታዘዛሉ፤ ይኸውም በሽተኛው ማን፥ መድኃኒቱ ምን፥ መጠኑ ስንት፥ መንገዱ በአፍ ወይስ በመርፌ፥ ሰዓቱም መቼ እንደ ሆነ ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢሳት የቀሩት አራቱ በሽተኛውን ላያድኑት ይችላሉ።

በአሜሪካ በቴነሲ አገር በናሽቪል ከተማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ለአንዲት የ75 ዓመት ወይዘሮ ቨርሰድ የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ነርሷ በኮምፒዩተር ከሚከፈተው የመድኃኒት ሣጥን ልታወጣ የስሙን ሁለት መጀመሪያ ፊደላት ጻፈች። ሣጥኑ ግን መድኃኒቱን የመዘገበው በሌላው ስሙ ነበርና አልተገኘም። እርሷም የሣጥኑን መከልከያ አልፋ ቬኩሮኒየም የተባለውን፥ ጡንቻን አስሮ እስትንፋስን የሚያቆመውን መድኃኒት አወጣች። የታዘዘው ፈሳሽ ሲሆን ይህ ዱቄት ነበረ፤ በክዳኑም ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበረ። ወይዘሮዪቱም ሞቱ። ነርሷ ስሕተቷን አልሸሸገችም። በ2022 ዓ.ም. በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈርዶባት፥ ወህኒ ሳትገባ ሦስት ዓመት በቁጥጥር እንድትቆይ ተወሰነባት።

እንግዲህ አንዱ፦ ክፋት ያላሰበች፥ የሠራችውንም ራሷ የተናገረች ስለ ምን እንደ ወንጀለኛ ትቈጠራለች? ዛሬ የተናገረ ቢቀጣ ነገ የሚሳሳተው ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ስሕተትም ሌላ በሽተኛ ይገድላል ይላል። ሁለተኛውም፦ የሞቱት ሰው ደም ያለ ጠያቂ ይቅርን? ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ዓይን፥ ባለማንበቡ ንጹሕ ይባላልን? ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ፈራጅ ሦስቱን ይለይ። አለማወቅ ከሆነ ጥፋቱ ሳያስተምር ለሥራ ያሰማራውንም ይነካል። ወጥመድ ከሆነ ሣጥኑን ያሰናዳውና ሥርዓቱን የሠራው ይጠየቅ። እያወቀ ያልተመለከተ ግን ስለ ራሱ ይመልስ፤ መናገሩም ቅጣቱን ያቅልለት እንጂ ጥፋቱን አያጥፋው። በናሽቪሉ ነገር ወጥመዱም ቸልታውም አብረው ነበሩና፥ ነርሷን ብቻ ጠይቆ ሥርዓቱን ዝም ያለ ፍርድ እኩሌታው የጎደለ ነው።

ፍርድም እንደ መድኃኒት ልክ አለው። ቢያንስ በሽታውን ይተወዋል፤ ቢበዛ እውነት የሚናገረውን አንደበት ይዘጋል።