ሁለት ስልቻ፣ አንድ ጎተራ

በአንድ ደጋ አገር አንድ ምስለኔ ነበር። ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ አንሶ ዘር ከየቤቱ ሊጠፋ ሲል ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ አስነገረ፦ «ስንዴና ገብስ ደባልቀህ ያስቀመጥህ ሁሉ፣ ስንዴህን ለብቻ፣ ገብስህን ለብቻ ለቅመህ ወደ አገሩ ጎተራ አስገባ። ለመጪው ክረምት ዘር ሆኖ ይታደልሃል። እምቢ ያለ ይቀጣል!» አዋጁ መልካም ነበር፤ ሕዝቡም ወደደው።

በዚያ አገር አንዲት ባልቴት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ቢሆንም ማታ ማታ ኩራዙን አስጠግተው፣ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ፍሬ በፍሬ ይለቅሙ ጀመር። ስንዴው ወደ ቀኝ፣ ገብሱ ወደ ግራ። ዓይን እምቢ ሲላቸው በጣታቸው ይለዩታል፤ ገብስ ከነገለባው ሲነኩት ይሻክራልና። ሁለት ስልቻ ሞሉ። የአንዱን አፍ በቀይ ክር፣ የሌላውን በነጭ አስረው፣ በጎረቤት አህያ ጭነው ወሰዱ።

ጠባቂው ቀዩን ክር ፈቶ ስንዴውን ጎተራው ውስጥ አፈሰሰ። ቀጥሎ ነጩን ፈታና ገብሱን እዚያው ላይ ደረበበት።

«ምነው ልጄ፣ ለይቼ አይደል ያመጣሁት?»

«አውቃለሁ እማማ። ግን ያለን ጎተራ አንድ ነው። የት ላድርገው?»

በዓመቱ ባልቴቷ ሰፌዱን ከግድግዳው አላወረዱም። ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። ምስለኔው «ይህ ሕዝብ ሰነፍ ነው» ብሎ ከየቤቱ የእህል ቅጣት አስከፈለ፤ የቅጣቱም እህል ተመልሶ እዚያው ጎተራ ገባ። በዚህ ጊዜ አገሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ጌታዬ፣ እኛን ሁለት ስልቻ አዘዙን፤ እኛም አመጣን። ሁለተኛውን ጎተራ ግን እርስዎ አልሠሩም» አሉት።

ምስለኔው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሠራው። ሰው ግን ቶሎ አልመጣም። ባልቴቷ እንኳ ገበያ ሲወርዱ በጎተራው በኩል እያለፉ፣ ጠባቂው የሰውን እህል ወዴት እንደሚያፈስ ቆመው ያዩ ነበር። ዓመት ሙሉ አይተው ሲያምኑ እንደገና መልቀም ጀመሩ። በኋላም አንድ ባለጸጋ ሳይለቅም የተደባለቀ እህል አስጭኖ ሲመጣ በር ላይ ያስቆመው ጠባቂው አልነበረም። «የእኛን ዘር አታበላሽብንም» ብለው የመለሱት እነዚያው ለቃሚዎቹ ናቸው።

እኔ ይህን የምናገረው ስለ አዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው ለይቶ ወደተመደበለት ቦታ እንዲያደርስ ያዝዝ ነበር። ያው አዋጅ የከተማ አስተዳደርን ደግሞ በቂ የቤት ቆሻሻ ማሰባሰቢያ እንዲያዘጋጅ ያስገድድ ነበር። ሁለቱ ግዴታዎች አብረው የታወጁ ናቸው፤ በየቤታችን የሚነገረን ግን የመጀመሪያው ነው። ከውሃ ሒሳብ ጋር የጽዳት ክፍያ እንከፍላለን። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ከየደጁ ቆሻሻ የሞላውን ማዳበሪያ ይሰበስባሉ፤ ገንዳው ጋ ሲደርስ የድንች ልጣጩም፣ ሃይላንዱም፣ የተሰበረ ብርጭቆውም አንድ ላይ ይገለበጣል።

ሁለተኛውን ጎተራ በራሱ ጉልበት ያቆመልን ቆራሌው ነው። ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በየሰፈሩ እየተጣራ ቆርቆሮና ጠርሙስ ገዝቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል። ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የሚወስደው ዋጋ ያለውን ብቻ ነው፤ ከከተማችን የቤት ቆሻሻ አብዛኛው ደግሞ ቆራሌው የማይገዛው የምግብ ትራፊና ልጣጭ ነው። እርጥቡ ወረቀቱን ያበሰብሳል፤ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ ግን ኮምፖስት ይሆን ነበር።

ያልለየነውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሼ በተባለው የከተማችን ቆሻሻ መጣያ ላይ ቆለልነው። እኛ ቤት ውስጥ ልንለየው የሚገባንን እዚያ ሰዎች በሜንጦ እየጫሩ ለዩልን። በ2008 ሥራ የጀመረው የሰንዳፋ ቆሻሻ ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲቆም መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 2010፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ለእሱም ቢሆን እርጥብ ልጣጭ መልካም ማገዶ አይደለም። ከቤት ያልተጀመረውን ልየታ ምድጃ አይተካውም።

በ2017 የጸደቀው አዲስ ሕግ ፌስታልን ከልክሏል፤ በሚጠቀምበትም ላይ ቅጣት ጥሏል። ክልከላውን እደግፋለሁ። ሆኖም ቅጣቱ ከጎተራው እንዳይቀድም እሰጋለሁ። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር በየወረዳው ለምግብ ትራፊ የተለየ ገንዳና የተለየ መኪና ያቁም፤ መኪናው የት እንደሚያራግፍም ነዋሪው ሄዶ ይይ። እርስዎም አንባቢዬ፣ ገንዳው የቆመ ዕለት ልጣጩንና ሃይላንዱን በአንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቀው አያውጡ፤ ጎረቤትዎ ሲያወጣም ዝም አይበሉ።