ለመርሳ አሥር ደቂቃ

ብስክሌት ለእኛ ሠፈር ልጆች ከመጀመሪያውም የደቂቃ ነገር ነበር። የራሱ ብስክሌት ያለው ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሌሎቻችን ያጠራቀምናትን ሳንቲም ለአከራዩ ቆጥረን እንሰጣለን፤ እሱም የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ "ሂድ!" ሲለን እንፈተለካለን። በዚያች በተከፈለባት አሥር ደቂቃ ውስጥ እናትህ ብትጠራህ አትሰማም፤ ጓደኛህ ቢወድቅ አትቆምም። ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። እኔንም ጥያቄ ሆኖ የያዘኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ አነሣሡም እንዲህ ነው።

አንድ የወልድያ ጓደኛዬ እንግሊዝ አገር ለትምህርት ቆይቶ ሲመለስ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። በሰሜን እንግሊዝ ከምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ከዋይትሄቨን ተነሥቶ እስከ ምሥራቁ እስከ ሰንደርላንድ የሚዘልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ርዝመቱ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋላቢዎቹ ሲነሡ የኋላ ጎማቸውን በአንደኛው ባሕር፣ ሲደርሱ የፊት ጎማቸውን በሌላው ባሕር ይነክራሉ። አብዛኛው ሰው ሦስት አራት ቀን ይወስድበታል። አንዳንዶች ግን በአንድ ቀን ካልጨረስን ይላሉ።

"እኛስ?" አለኝ ጓደኛዬ።

እኛማ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ይሁን እንጂ ደገኛው ሐይቁንም ባሕር ማለት የለመደ ነው፤ ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው ከውቅያኖስ አይደለም። ስለዚህ ካርታ ዘረጋንና የራሳችንን ሁለት ባሕር መረጥን። መነሻችን ሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውሃ። መድረሻችን ሐሸንጌ፣ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት ያፈገፈገው ሠራዊት የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያዘነበበት ዳርቻ። በመካከሉ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ኮረም። ቢበዛ 200 ኪሎ ሜትር።

ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ግን አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም መላኳን ያስታውስ። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት እንግዳችን አይደለም።

እቅዱን በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ደብተር ጻፍነው። ትልቁ ችግራችን የቀኑ ማጠር ሆኖ ተገኘ። እንግሊዞቹ በሰኔ 17 ሰዓት ያህል የቀን ብርሃን አላቸው፤ "አንድ ቀን" ሲሉ የእኛን አንድ ቀን ተኩል ማለታቸው ነው። እኛ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በኅዳር ለመሄድ ስላሰብን ያለን 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከሐይቅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በመብራት ልንነሣ፣ 60 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል መርሳ ልንገባ፣ ከዚያ ሽቅብ ወልድያ 3 ሰዓት ከ40፣ ቆቦ 6 ሰዓት ተኩል፣ አላማጣ 8 ሰዓት ከ20። ከአላማጣ በኋላ ያለው ግራካሶ ነው፤ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ለእሱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰጠነው። ሐሸንጌ ልክ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ከመነዳሪ ለመቀየር፣ ውሃ ለመቅዳት፣ ለመብላት፣ ለሁሉም የተረፈን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ቆራርሰን አከፋፈልነው። ለወልድያ ሃያ፣ ለቆቦ ሃያ፣ ለአላማጣ አሥር። ለመርሳ አሥር ደቂቃ።

መርሳ ላይ ግን አክስቴ አሉ።

ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ነው፤ በሐብሩ ፍራፍሬ የጫነ መኪና ሁሉ በደጃቸው ያልፋል። ነገሩን ልነግራቸው ሄጄ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን።

"ምን ልታመጣ ነው የምትሄደው?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ማንን ልትጠይቅ?"

"ማንንም።"

"እንግዲያ ታመሃል።"

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በእሳቸው ቤት መንገድ ማለት ወይ ዕቃ ማምጫ ወይ ዘመድ መጠየቂያ ነው። "አክስቴ፣ እርስዎስ በእግርዎ ግሸን ማርያም ሲወጡ ምን ሊያመጡ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ስለት ነበረብኛ!" አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በደጃቸው እንደማልፍና አሥር ደቂቃ እንደምቆይ ስነግራቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። "አሥር ደቂቃ? ቡናው ሳይቆላ? በል ተወው፣ ሳትቆም እለፍ፤ መርሳን ረስቷት አለፈ ይባላል" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ቀን ወደ ወልድያ ስመለስ ሲሪንቃን አልፌ እስክወጣ የማስበው ይህንኑ ነበር። ጥቅም የሌለው ድካም ነውር ነው ብዬ አላምንም። ግሸን የሚወጣው እልፍ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል? ልዩነቱ ባለ ስለቱ ባለ ዕዳ መሆኑን ማወቁ ነው፤ በመንገዱ ላይ ውሃ የሚያጠጣው፣ ማደሪያ የሚሰጠው፣ "ለእኔም ጸልይልኝ" የሚለው ሁሉ የጉዞው ክፍል ነው። የእኔ ቀን ለማን የተሳለ ነው? ለራሴ። በእቅዴ ውስጥ ሰው የሚገባው እንደ እንቅፋት ነው፤ ጎሚስታውና አክስቴ በአንድ ዓምድ ተጽፈዋል።

ችኮላ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያጠኑ አሉ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፕሪንስተን በነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመዋል። ተማሪዎቹ ንግግር እንዲያደርጉ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ይላካሉ፤ ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተደፍቶ እየሳለ ያቃስታል። ጊዜ አለህ ከተባሉት ከመቶ 63ቱ ለመርዳት ሞከሩ፤ ዘግይተሃል ፍጠን ከተባሉት ግን ከመቶ 10ሩ ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊሰብኩ መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እነዚህ ክፉዎች አልነበሩም፤ የተከፈለበት ጊዜ ላይ ነበሩ።

ያው 1973 በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 66 ነው፤ የወሎ ረሃብ ዘመን። የተራበው ገበሬ ከየቀበሌው ወርዶ በዚሁ እኛ ብስክሌት ልንነዳበት ባቀድነው አውራ ጎዳና ዳር ተቀምጦ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ረሃብ ሲመረምር፣ በአገሪቱ እህል ከመጥፋቱ ይልቅ ገበሬው እህል ማግኛ አቅም ማጣቱን ነው የሚያሳየው። መንገዱ ክፍት ነበር ማለት ነው። አውቶቡሱም ጭነቱም ያልፋል። የሚያልፈው ሁሉ መድረሻ ሰዓት ነበረው። በዚህ መንገድ ላይ ለጨዋታ መጣደፍ ያሳፍራል አልልም፤ የረሃብ መንገድ ሁሉ ጨዋታ ይከልከል ከተባለ ወሎ ውስጥ ሕፃን ኳስ የሚያንከባልልበት አይገኝም። ግን መንገዱ ማን እንዳለፈበትና ማን እንደታለፈበት ያውቃል።

ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። "ገደብ ከሌለው ገበያ መውጣት ነው እንጂ ጉዞ አይደለም" ይላል። እውነት አለው። ሰው አቅሙን የሚያውቀው አንድ ቦታ ላይ "እስከዚህ" ሲል ነው፤ አሥራ አራት ሰዓት ፔዳል ረግጦ በራሱ እግር ከባሕር ባሕር የደረሰ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውን እኔ በአውቶቡስ ሄጄ አላውቀውም። በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ቸኳዩ ከሆነ ይቸኩል፤ ማን ይከለክለዋል? የእኔን ችኮላ የሚከፍሉት ግን አክስቴ ናቸው። ለእሳቸው አንድ ሰዓት ልስጥ ብል ደግሞ ዕዳው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን ከተነሣን፣ ወይ ከሐይቅ በ9 ሰዓት ሌሊት ተነሥተን በከባድ መኪና መካከል ሦስት ሰዓት በጨለማ እንነዳለን፣ ወይም ከኮረም ወዲያ ይመሽብናል። ጓደኛዬ ሁለት ልጆች አሉት። የእኔን ዝምድና በእሱ ልጆች ላይ ልከፍል ነው? ደብተሩን ስንት ጊዜ እንደሰረዝነውና እንደደለዝነው አንባቢ ይገምት።

ይህን ስንጨቃጨቅ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነቱ ተነሣ። እቅዱም በዚያው ተዘጋ። በነሐሴ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.ም በእጃቸው ቆየች። ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ ሕዝቡ ወደ ደሴ ጎረፈ። አክስቴም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዲት የጎረቤት ልጅ እጅ ይዘው፣ በእግራቸው ወጡ። ሐይቅ ሲደርሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ያ መንገድ በደብተሬ ውስጥ "60 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል" ተብሎ ተጽፏል።

በኋላ ደሴ ላይ ስንገናኝ መንገዱን ነገሩኝ። አንድም ቁጥር አልጠሩም። ውርጌሳ ላይ ቆሎ የቋጠረችላቸውን ሴት፣ ከውጫሌ በፊት ዶፍ ሲያወርድ በራቸውን ከፍተው ያስገቧቸውን ሼህና የቤታቸውን ጭስ፣ ሐይቅ መግቢያ ላይ ልጅቱን ለጥቂት የተሸከመላትን ወጣት እየጠሩ ነገሩኝ። የልጅቱ ጫማ የት እንደተበጠሰም ነገሩኝ። እኔ የማውቀው ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ፍሬን የሚያዝበትን ኩርባ ነበር። ስለ አንድ መንገድ የምንነጋገር አይመስልም ነበር። ጨርሰው ቡናቸውን ፉት አሉና፣ "ለመሆኑ ያ ብስክሌትህስ?" አሉኝ።

አክስቴ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በዚያው በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ጀመረ። እንዲህ ባለ ጊዜ በሌሊት ብስክሌት ይዞ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም፤ ደብተሩ እንደተቀመጠ ነው። በቅርቡ አውጥቼው ከመርሳ ትይዩ ያለውን "10 ደቂቃ" ሰርዤ "አንድ ሰዓት" ጻፍሁና ለጓደኛዬ ደወልሁለት። ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየ።

"መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት በ9 እንነሣለና" አለኝ። "መብራቱን ግን አንተ ትገዛለህ፤ ለሁለታችንም፤ ደኅና የሚያበራውን። አክስትህንም ቡናውን ቀድመው እንዲቆሉ ንገርልኝ።"