«ሙያ በልብ ነው» ስንል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ታሪኩ የተጻፈውን ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ጥምቀቱ ብዙ ተምረናል፤ ስለ አጠያየቁ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይህ ሰው በንግሥት ሕንደኬ ሀብት ሁሉ ላይ የተሾመ ባለሥልጣን ነበር። ሆኖም ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ የሚያስረዳው ከሌለ ሊገባው እንደማይችል ሳያፍር ተናገረ፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥም ለመነው። ፊልጶስም የሚያውቀውን ሁሉ አላዘነበበትም፤ ጃንደረባው ካነበበው ከዚያው ከኢሳይያስ ክፍል ጀመረለት።

ይህን ያነሣነው ስለ ዕለት ሥራችን ልንነጋገር ነው።

ከመካከላችን አንዲት እኅት ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ ሱቅ በገንዘብ ተቀባይነት ተቀጠረች። ማታ ማታ የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ የሚያወጣው የቀኑ መዝጊያ፣ ዜድ ሪፖርት የሚባለው፣ በመሳቢያው ካለው ብር ጋር አልገጥም አላት። አንድ ቀን 300 ብር፣ ሌላ ቀን 700 ብር ይጎድላል፤ የጎደለውም ከደመወዟ ይቆረጣል። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ለእናቷ አልተናገረችም። አሠሪዋን እንዳትጠይቅ «ዲግሪ ይዛ ይህን አታውቅም» መባልን ፈራች። ነባሩን ሠራተኛ ብትጠይቃቸው «ሙያ በልብ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ የለም» ብለው መለሱላት። ከብሩ ይልቅ እንቅልፍ የነሣት ግን ዛሬ ነገ ሌባ እባላለሁ የሚለው ሐሳብ ነበር።

በመጨረሻ ከመዝሙር ጥናት በኋላ የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ አንድ ወንድማችንን አማከረችው። እርሱም የአንድ ሳምንቱን ሪፖርትና ደንበኞች በስልክ የከፈሉትን የጻፈችበትን ደብተር አስመጥቶ፣ አብረው ተቀምጠው መስመር በመስመር አስተያዩት። ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በቴሌብርና በባንክ የተከፈለውን ሁሉ በመሣሪያው ላይ በጥሬ ገንዘብ እንደ ተከፈለ አድርጋ ትመዘግበው ኖሯል፤ የክፍያውን ዓይነት የሚለይ ሌላ ቁልፍ መኖሩን ያሳያት ሰው አልነበረም። ብሩ ወደ ሱቁ ሒሳብ ገብቷል፤ መሣሪያው ግን ከመሳቢያው ይፈልገዋል። ሦስት ወር የከፈለችው ፈጽሞ ያልጎደለ ገንዘብ ነበር። የአንዱ ወር ተመልሶላታል፤ የሁለቱ ገና ነው።

እንግዲህ «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን የአበው ቃል እንመርምረው። ሠራሁ ብሎ የሚፎክረውን ለመገሠጽ የተነገረ ይመስለናል እንጂ፣ ባልንጀራ ሲቸገር እያዩ ዝም ለማለት አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 የድንኳኑ ሥራ የተሰጠው ባስልኤል የእጅ ጥበብ ብቻ አልተቀበለም፤ ከኤልያብ ጋር ሌላውን የማስተማር ስጦታም ተጨመረለት። ያወቅሁትን ባሳይ እንጀራዬን ይወስዱብኛል የሚል ሥጋት እንዳለ እናውቃለን፤ ሥራ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሥጋቱ ከንቱ ነው ብለን አንፈርድም። ነገር ግን የሌላው ደመወዝ በየወሩ ሲቆረጥ እያዩ መሸሸግ ሌላ ነገር ነው።

አጠያየቅም ትምህርት ይሻል። «ኮምፒዩተሬ ተበላሸ» ብሎ ማቆም፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ምን ስትሠሩ እንደ ቆመ፣ በመስተዋቱ ላይ ምን የሚል ጽሑፍ እንደ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ሞከራችሁ ተናገሩ፤ ጽሑፉንም በፎቶግራፍ አንሡት። የሞከሩትን መደበቅ በተማርነው ዘንድ ይብሳል፤ ያ ደግሞ መላውን ያርቀዋል።

መላሹም ዮቶርን ይመልከት፤ ሙሴን የመከረው የሚሠራውን በዓይኑ አይቶ፣ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠይቆ ነው። «ይህን እንኳ አታውቅም?» የምትለው ቃል ጠያቂውን ዳግመኛ እንዳይመጣ ታደርገዋለች። ቁልፉንም ከእጁ አይንጠቅ፤ ጠያቂው ራሱ ይጫን፣ እርሱ በቃል ይምራው። የማያውቀውን አላውቅም ይበል፤ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበትን ፍላሽ በግምት ከመነካካቱ በፊትም ጽሑፉን በሌላ ቦታ ይገልብጥለት።

በመካከላችን ሒሳብ የሚያውቁ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ስልክ ጠጋኞች፣ የኮምፒዩተር ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ በአዳራሹ ግማሽ ሰዓት እንድንቀመጥ አስበናል፤ በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብደው ጥያቄውን ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ያስገባ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እንላለን፤ የስልክም ሆነ የባንክ የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም፣ ለሚረዳችሁ ወንድም እንኳ፣ አትንገሩ፤ እርሱም ቁጥሩ በሚጻፍበት ጊዜ ፊቱን ያዙር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።