ድል ይርጋ አለው ወይ?

ሁለት ጓደኞቼ በቼዝ ተጣሉ። አንደኛው ከንጉሡ ጋር ሩክና ቢሾፕ ቀርቶታል፤ ሌላው ሩክ ብቻ። ባለቢሾፑ ያሳድዳል፤ ያኛው ይሸሻል። የእራት ሰዓት ሊያልፍ ሲል ሸሺው «50 ሞላ፤ አቻ ነው!» ብሎ ሰሌዳውን አፈረሰው። አሳዳጁ ደሙ ፈላ። «ሰው በቁጥር ከሞት ያመልጣል እንዴ?»

ሕጉ ለሸሺው ያደላል። ወታደር ሳይነቃነቅ፣ ጠጠር ሳይበላ እያንዳንዱ ተጫዋች 50 ጊዜ ከተንቀሳቀሰ አንዱ ወገን አቻ ይባልልኝ ማለት ይችላል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ 75 ከሞላማ ጠያቂም አያስፈልግ፤ ጨዋታው በራሱ ያከትማል።

የአሳዳጁ ክርክር ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። በ1980ዎቹ ኬን ቶምፕሰን በኮምፒዩተር ሲመረምር፣ ሁለት ቢሾፕ አንድ ፈረስን እንደሚረታ፣ ለዚህም አንዳንዴ ከ60 በላይ እርምጃ እንደሚያስፈልግ አገኘ። በ2012 ደግሞ ሞስኮ ላይ፣ በሰባት ጠጠር ብቻ ከ500 እርምጃ በላይ የሚፈጅ ማት ተገኘ። «ድሉ እዚያው ሰሌዳው ላይ አለ። እውነትን ይርጋ ያግደዋል?» ይላል ወንድማችን።

ይርጋ የምትለዋን ቃል ያመጣት እሱ ነው፤ እኔም በዚያችው እይዘዋለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለገንዘብ በውል ያገኘውን መብት በመሠረቱ 10 ዓመት ሳይጠይቅ ከቆየ በይርጋ ይታገዳል። ብድሩ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ተከሳሽ ሆኖ አይኑር ማለት ነው። የሰሌዳው እውነት አይደክምም። ከሰሌዳው ግራና ቀኝ የተቀመጡት ግን ይደክማሉ፣ ይርባቸዋል። በአገራችን ሰንጠረዥም ከንጉሡ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ሰው፣ ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ እስክትንቀሳቀስ ካልተረታ ይተርፋል። ብቻውን የቀረ ንጉሥማ ጭራሽ አይነካም።

ወሰኑን ማስፋትም ተሞክሯል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለጥቂት ፍጻሜዎች ቁጥሩን ከፍ አድርጎት ሳለ፣ በ1989 ቤልግሬድ ላይ ኒኮሊችና አርሶቪች በዚያው በሩክና ቢሾፕ ፍጻሜ እስከ 269ኛው እርምጃ ሄደው አቻ ወጡ። በ1992 ወደ 50 ተመለሰ።

ወሰን ጭራሽ ባይኖርስ? እስቲ ከአንድ ጨዋታ ወደ ሙሉ ግጥሚያ እንለፍ። በመስከረም 1984 እ.ኤ.አ. ካርፖቭና ካስፓሮቭ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገናኙ ውሉ «ስድስት ጊዜ ያሸነፈ» የሚል ብቻ ነበር። ካርፖቭ 5 ለ 0 መራ፤ አንዲት ቀረችው። ያቺ አንዲት አልመጣ አለች። አምስት ወር፣ 48 ጨዋታ፣ ከዚያ ውስጥ 40ው አቻ! ካርፖቭ ከሳ፤ ውጤቱም 5 ለ 3 ሆነ። በየካቲት 1985 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ካምፖማኔስ በቃ ብሎ አስቆመው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች መቀጠል እንፈልጋለን እያሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ወሰን አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ወሰኑ አንድ ባለሥልጣን የፈቀደ ዕለት ይመጣል፤ ለማን እንደጠቀመም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያው ዓመት በተደገመው ግጥሚያ 24 ጨዋታ ተብሎ ተወሰነ፤ ካስፓሮቭም 13 ለ 11 አሸነፈ። ያንን ማንም በቁጥሩ አላማረረም።

ቁጥሩ 50 ይሁን 70 ግድ የለኝም፤ ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት ሁለቱም ይወቁት እንጂ። እዚህ ላይ ነው የሸሺው ጓደኛችን ነገር የሚከረክረኝ። ከየት ጀምረህ ቆጠርክ ብለን ስንጠይቀው ያዝ ለቀቅ አደረገ። ወረቀት ላይ የጻፈው የለ፤ በልቡ ነው የቆጠረው። የዚያን ምሽት ለአሳዳጁ ፈረድኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰሌዳው ፈርሷል።