የሸሸችው ልዕልትና የተቀበላት ወደብ

በወጣቶች ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት ተረቶች አንዱ ከአባቷ ቤተ መንግሥት ሸሽታ በባሕር ላይ የምትሄድ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ሌሊት ነው፤ ዘበኞቹ ተኝተዋል፤ ታንኳ በጨለማ ውስጥ ይጠብቃል፤ ልጅቱ ወርቋን በመሐረብ ቋጥራ ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። ሰሚው ሁሉ እንድታመልጥ ይመኝላታል። መርከቢቱ ከወደቡ በራቀች ጊዜ ልቡ ያርፋል፤ ተረቱም በዚያ ይፈጸማል። የሰው ሕይወት ግን ተረቱ ካለቀበት ይጀምራል። መርከብ ሁሉ አንድ ቀን ከአንድ ወደብ መድረሱ አይቀርም። በዚያ ወደብ የሚጠብቃት ማን ነው? የሚጠብቃትስ ስለ ምን ነው? ተረት ይህን አይጠይቅም፤ የግብረ ገብ ትምህርት ግን ሳይጠይቅ ሊያልፍ አይገባውም።

ነገሩ ለመነኮሳትና ለተሳላሚዎች ሩቅ አይደለም። መነኵሴ ሁሉ ከአባቱ ቤት የወጣ ሰው ነው፤ ተሳላሚም ሁሉ፥ ለጥቂት ሳምንት ቢሆን እንኳ፥ ደጁን ዘግቶ የወጣ መንገደኛ ነው። ከአባት ቤት መውጣት መቼ በደል፥ መቼስ ጽድቅ እንደሚሆን ሲጠየቅ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ወላጆቹንና ወገኖቹን ጥሎ የሄደ ትእዛዝ አፍራሽ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ነጻነቱን ፍለጋ የወጣ ሁሉ ጀግና ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት ሰውዬው የወጣበትን በር ብቻ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ የሚያስተምረው ፍርድ ከዚህ ይሰፋል። የሦራ አገልጋይ አጋር ከእመቤቷ ፊት ሸሽታ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ በተገኘች ጊዜ፥ መልአኩ ሁለት ነገር ጠየቃት፤ ከወዴት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ። አጋር የመጀመሪያውን መለሰች፤ ለሁለተኛው ግን መልስ አልነበራትም። የሸሸ ሰው ሁሉ ከምን እንደሚሸሽ ያውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቢሆንም መልስ ላጣችው ለዚያች ሴት እግዚአብሔር መከራዋን እንደ ሰማ ተነገራት። ጠያቂው የጠየቃት ሊያጠምዳት አልነበረም፤ መንገዷን ሊያቀናላት ነበር እንጂ።

ይህን በተረት ሳይሆን በእውነተኛ ታሪክ ለመመልከት የዛንዚባርን ልዕልት የሳልሜን ሕይወት ማንሣት ይጠቅማል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሳልሜ በ1844 በዛንዚባር ደሴት ተወለደች። አባቷ የኦማንና የዛንዚባር ገዥ ሰይድ ሰዒድ ኢብን ሱልጣን ነበር። እናቷ ጀልፊዳን ከቼርኬስ ነገድ ስትሆን፥ በሕፃንነቷ ወላጆቿን በጦርነት አጥታ፥ ተሽጣ ወደ ሱልጣኑ ቤት የገባች ነበረች። እናቲቱ ባሕሩን የተሻገረችው በግድ ነው፤ ከወዴት እንደ መጣች፥ ወዴትስ መሄድ እንደምትሻ የጠየቃት አልነበረም።

በዚያ ቤት ሴቶች ልጆች ቁርኣን ማንበብን ይማሩ ነበር እንጂ መጻፍን አይማሩም ነበር። ሳልሜ ግን የቁርኣኑን ፊደላት በግመል የትከሻ አጥንት ላይ እየገለበጠች በስውር መጻፍን ተማረች። በ1856 አባቷ ከኦማን ሲመለስ በመርከብ ላይ ሞተ፤ በ1859 እናቷ ሞተች። በዚያው ዓመት ወንድሟ በርጋሽ በነገሠው በታላቅ ወንድማቸው በመጂድ ላይ ሲነሣ፥ የዐሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ መጻፍ በማወቋ የበርጋሽ ወገን ደብዳቤ ጸሓፊ ሆነች። ዐመፁ ከሸፈ፤ በርጋሽም ወደ ቦምባይ ተጋዘ። ሳልሜ ኋላ ከመጂድ ጋር ብትታረቅም፥ እርቁ ከሌሎቹ ወገኖቿ አጣላት።

ከዚህ በኋላ ሩዶልፍ ሃይንሪሽ ሩኤተ ከሚባል ከሐምቡርግ ከመጣ ጎረቤቷ ነጋዴ ጋር ተዋደደች፤ ፀነሰችም። በአገሯ ሕግና ልማድ ይህ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነበር። በነሐሴ 1866፥ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ለአዲስ ዓመት ወደ ባሕር ወርዶ በሚታጠብበት ሌሊት፥ ከአገልጋዮቿ ጋር ወደ ዳር ወርዳ በእንግሊዝ የጦር መርከብ በሃይፍላየር ተሳፍራ ወደ ዓደን ሄደች። በዚያ ወንድ ልጅ ወለደች። ግንቦት 30 ቀን 1867 በዓደን ተጠምቃ ኤሚሊ ተባለች፤ በዚያው ቀን ከሩኤተ ጋር ተጋብታ ወደ አውሮፓ ጕዞ ጀመረች።

ተረት ቢሆን ኖሮ በዚህ ይፈጸም ነበር። የበኵር ልጇ በሕፃንነቱ ሞተ። በሐምቡርግ ሦስት ልጆች ወለደች። በ1870 ባሏ በከተማ ሠረገላ አደጋ ሲሞት፥ ዕድሜዋ ገና ሃያ ስድስት ዓመት አልሞላም ነበር። ቋንቋውን በቅጡ ባልለመደችበት፥ ብርዱ ባልተስማማት አገር፥ ሦስት ሕፃናት ታቅፋ መበለት ሆና ቀረች። በዛንዚባር ያለው ርስቷም ተከለከለባት።

በ1875 በርጋሽ፥ ያን ጊዜ ሱልጣን ሆኖ፥ ለንደንን ጐበኘ። እኅቱም ዓይኑን ለማየትና ይቅርታውን ለመለመን ወደዚያ ሄደች። ራሷ እንደ ጻፈችው፥ አንድ የእንግሊዝ ታላቅ ባለ ሥልጣን ወንድሟን ለማግኘት ባትሞክር መንግሥቱ ልጆቿን እንደሚረዳ ነገራት። ስለ ልጆቿ ብላ ተስማማች፤ የተሰጣት ተስፋ ግን አልተፈጸመም። በ1885 የጀርመን መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ መሬት ለመያዝ በፈለገ ጊዜ የጦር መርከቦቹን ወደ ዛንዚባር ሲልክ እርሷንም በመርከብ ይዞ መጣ። የሱልጣኑን እኅት ማሳየት ለድርድሩ የሚጠቅም መስሎት ነበር። በርጋሽ በመሬቱ ነገር ለጀርመኖች እጁን ሰጠ፤ የእኅቱን ፊት ግን አላየም። መንግሥቱም የፈለገውን ካገኘ በኋላ ስለ ርስቷ አልተጨነቀም። ካገሩ የወጣ ሰው ለጫነው እንደ አህያ፥ ለለጐመው እንደ ፈረስ እንደሚሆን አበው በምሳሌ የተናገሩት በዚህች ሴት ላይ ተፈጸመ።

በ1888 እንደ ገና ሞክራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያም በያፋ፥ ቀጥሎም እስከ 1914 ድረስ በቤይሩት ተቀመጠች፤ በዚያ ቢያንስ የአፍ መፍቻዋን ዐረብኛ በየመንገዱ ትሰማ ነበር። በ1924 በጀርመን አገር በየና ከተማ ዐረፈች። ከንብረቷ መካከል ከዛንዚባር ባሕር ዳር የመጣ አሸዋ የያዘች ትንሽ ከረጢት ተገኘች፤ አሸዋውም ከእርሷ ጋር በሐምቡርግ ተቀበረ።

ፍርዱ እንዴት ይሁን? ከወዴት መጣሽ ብትባል ሳልሜ መልስ ነበራት፤ ከሞት ፍርሃትና ከወንድማማች ጠብ። ወዴት ትሄጃለሽ ብትባል ግን መልሷ አንድ ሰው ነበር፤ ያም ሰው በአራተኛው ዓመት ሞተ። በዚህ ስለ መውደዷ ሊነቅፋት የሚቸኵል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የመድረሻው መልስ የጐደላት እርሷ ብቻዋን አልነበረችም፤ የተቀበሏትም ሰዎች ነበሩ።

በመጀመሪያ የጥምቀቷ ነገር አለ። አንድ መንፈሳዊ ጸሓፊ የሱልጣን ልጅ ክርስቲያን ሆነች ብሎ ሊደሰትበት ይችላል። ነገር ግን ጥምቀቷና ጋብቻዋ በአንድ ቀን ተፈጸሙ፤ እርሷም በኋላ ዘመን በጻፈችው ከአገሯ ስትወጣ ፍጹም ዐረብና እስላም እንደ ነበረች፥ በኋላ ግን ሙሉ ክርስቲያንም ሙሉ ጀርመንም እንዳልሆነች በኀዘን ገልጻለች። ይህ የምሥጢሩን ክብር አይቀንስም፤ የአስተማሪዎቹን ዕዳ ግን ያበዛል። አዲስ ክርስቲያንን እንደ ምርኮ የሚቈጥር፥ ስሙን በመዝገብ ጽፎ ነፍሱን በመንገድ የሚተው፥ ከፈቃዱ ውጭ ባሕሩን እንዳሻገረው ሰው ነው።

በሁለተኛው ደረጃ የቀሩት ወገኖች ዕዳ አለባቸው። ሳልሜ በመጽሐፏ መጂድን በደግነቱ ታነሣዋለች። በርጋሽ ግን በልጅነቷ ስለ እርሱ ብዕሯን ያነሣችለት ሲሆን፥ ሰላምታ እንኳ ነፈጋት። የወጣው ሰው በድሎ እንደ ሆነ እንኳ፥ የቀረው ሰው በሩን ለዘለዓለም በመዝጋቱ ጻድቅ አይሆንም። የጠፋው ልጅ ምሳሌ አባቱን የሚያመሰግነው ልጁ ገና ሩቅ ሳለ ስላየው ነው፤ ያየውም መንገዱን ሲመለከት ስለ ኖረ ነው።

በሦስተኛው ደረጃ የሸሸችውም ዕዳ አለባት፤ ይህን መሸሸግ እውነትን መበደል ነው። በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ የራሷን እስራት በብርቱ ቃል ስትናገር፥ ባሮች በአገሯ ስለ ነበሩበት ኑሮ ግን ለአሳዳሪዎቹ ጥብቅና ቆመች። የተሸጠች ሴት ልጅ ሆና ሳለ የሌሎቹን ሰንሰለት ክብደት አልለካችውም። ስለ ራሱ ብቻ ነጻነትን የሚወድ ሰው ነጻነትን ገና አላወቀም። ከባሕሩ ማዶ የደረሰ ሰው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ገና ያልተሻገሩትን ካላሰበ፥ ሽሽቱ ከራሱ ጋር ይሞታል።

ሁለት ሌሎች ምስክሮች ይህን ያስረዳሉ። ነቢዩ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ለመሸሽ መርከብ የተሳፈረው ከዚያችው ከያፋ፥ በጥንት ስሟ ከኢዮጴ ነበር። ሽሽቱ በደል ነበር። ነገር ግን መርከበኞቹ፥ አሕዛብ ሲሆኑ፥ ጥፋቱ በአፉ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ ወዲያው ወደ ባሕር አልጣሉትም፤ እርሱን ለማዳን ወደ ምድር ሊመልሱት በብርቱ ቀዘፉ። በደለኛውን ስደተኛ ያከበሩት እነዚህ ሰዎች፥ ኋላ በታላላቅ መርከቦች ከመጡት ክርስቲያኖች ነን ባዮች ይልቅ የእንግዳን ዋጋ ዐውቀዋል።

ሁለተኛዋ ምስክር ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ከትልቅ ቤት ተወልዳ ከዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ጋር ተጋብታ ሳለ፥ ባሏ በአባታችን በአቡነ ስምዖን ሞት እጅ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከቤቱ ፈጽማ ወጣች፤ መነኰሰችም። እርሷ ሁለቱንም ጥያቄ መመለስ ችላለች። ከምን እንደምትሸሽ ዐወቀች፤ ወዴት እንደምትሄድም ዐወቀች። ከሁሉም በላይ፥ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱትን ሰብስባ በጣና ደሴቶችና በአካባቢው ማኅበራትን አቋቋመች። የሸሸችው ራሷ የሸሹት ወደብ ሆነች። የሽሽት ፍጻሜው ይህ ነው።

ነገር ግን ሁሉ እንደ ወለተ ጴጥሮስ አይደለም። ወደ እንግዳ ቤት ደጅ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ አጋር ሁለተኛው መልስ የሌለው ነው። ከባሏ ቤት የወጣች ሴት ትመጣለች፤ ከአባቱ የተጣላ ወጣት ይመጣል፤ ስለት አለብኝ እያለ በልቡ ግን ወደ ቤቱ መመለስን የሚፈራ ተሳላሚ ይመጣል። እንዲህ ላለው ሰው ፈራጅ ሞልቶታል፤ ሊጠቀምበት የሚሻም አይጠፋም። የሚጐድለው እንደ መልአኩ የሚጠይቀው ነው፤ መልስ ሲያጣ ሳይቈጣ፥ መልስ እስኪያገኝ ድረስ እንጀራና ማረፊያ የሚሰጠው። አንዱን ቀን ወደ ቤቱ እንዲመለስ መምከር ይገባል፤ አንዱን ቀን ደግሞ በሩን ዘግቶ መሰወር ይገባል። አጋር ራሷ እንድትመለስ ተነገራት፤ ዮሴፍና እመቤታችን ግን ሕፃኑን ይዘው ወደ ግብፅ እንዲሸሹ ታዘዙ። የሁለቱም ትእዛዝ ምንጭ አንድ ፍቅር ነው።

የያፋ ወደብ ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆናል። ሳልሜ በዚያ ትኖር በነበረበት ዘመን፥ በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በመሠራት ላይ በነበረበት ወቅት፥ ታላላቅ መርከቦች ወደ ዳር መቅረብ አይችሉም ነበር። በዳሩ ፊት የተደረደሩት ድንጋዮች ያግዷቸው ነበርና መርከቡ ከሩቅ ይቆማል፤ ታንከኞች ወጥተው ተሳላሚውን ከነጓዙ ተቀብለው በማዕበሉ መካከል ወደ ምድር ያደርሱታል። ንጉሥም ቢሆን ድኻ፥ ቅዱስም ቢሆን ኃጢአተኛ፥ ሌላ ሰው ክንዱን ሳይዘረጋለት ወደ ቅድስት አገር የገባ መንገደኛ አልነበረም።

ልዕልቲቱን ያሻገረ መርከብ ብዙ ነበረ፤ ጠፍቶባት የኖረው ታንከኛው ነው። የዕድሜዋን እኩሌታ የሚበልጥ ከተሰደደች በኋላ በእጇ የቀረው አንድ እፍኝ አሸዋ መሆኑ፥ ከአሸዋው ይልቅ ስለ ወደቦቹ ይመሰክራል። ከአባቱ ቤት የወጣ ሁሉ፥ መነኵሴም ሆነ ተሳላሚ፥ አስቀድሞ እርሱን የተቀበለውን ክንድ ያስብ፤ ቀጥሎም በደጁ ለቆመው የራሱን ይዘርጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።