የሌላው በትር በእኛ እጅ

በስብሰባዎችና በዐውደ ጥናቶች ላይ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ተሰብሳቢዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አስተባባሪው የተቀረጸ በትር ያመጣል፤ በትሩን የያዘው ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ያደምጣል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ አንደበተ ርቱዑ ብቻ እንዳይናገር፣ ዓይን አፋሩም ተራ እንዲያገኝ ያደርጋልና። ይሁን እንጂ በትሩ የማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የተናጋሪ በትር የቤተሰብ ምልክት የሚቀረጽበት የክብር ዕቃ ነው። የካናዳ መንግሥት ፖትላች የተባለውን ታላቅ ሥርዓታቸውን እ.ኤ.አ. በ1884 በወጣ ሕግ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1951 ቆየ። ባለቤቶቹ ስለ ሥርዓታቸው እስከ መታሰር ደርሰዋል። እነርሱ የተቀጡበትን ነገር ሌላው የስብሰባ ማድመቂያ ሲያደርገው ፍትሕ ይጎድላል።

ነገሩ በሀገራችንም አጋጥሞናል። በአንድ የካቴኪስቶች ሥልጠና ላይ አስተባባሪው ከገበያ የገዛውን ሲንቄ ለተራ መስጫ አዞረ። ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለምትዳር ልጅዋ የምትሰጣት፣ ሴቶች ይዘው በመካከል ሲቆሙ ጠብ የሚበርድበት በትር ነው። ተራው ከዚያው አካባቢ ለመጡ አንዲት እናት ሲደርስ፣ በትሩን ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ አኖሩና ዝም አሉ። ሁሉን ያናግራል የተባለው በትር እርሳቸውን ዝም አሰኘ። እኛም ዝም አልን፤ ይህም ጥፋታችን ነበር።

«ቤተ ክርስቲያንስ ከሕዝቦች ባህል አልተቀበለችምን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ተቀብላለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 በሌሎች ሃይማኖቶች ያለውን እውነትና ቅዱስ ነገር እንደማትንቅ አስተምሯል። ነገር ግን ከበሮውንና ጸናጽሉን በመቅደስ ለምስጋና ያዋሉት የራሳቸው ያደረጉት ምእመናን ናቸው። ደግሞም አለመናቅ ማለት ባለቤቱን ሳይጠይቁ መገልገል ማለት አይደለም።

ይህን ለመረዳት የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ታቦታት አንዱ በ2002 ከኤድንብራ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። ያን ታቦት አንድ ሰው በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ለስብሰባ ተራ ማስጠበቂያ ቢያደርገው ኖሮ ምን ይሰማን ነበር? በእኛ ሊደረግ የማንወደውን በሌላው ላይ ልናደርግ አይገባንም።

ስለዚህ፣ ውድ ካቴኪስቶች፣ ተራ ለመስጠት እርሳስ ወይም ትንሽ ድንጋይ ይበቃል። የሌላው ሕዝብ ክቡር ዕቃ የሚያስፈልግ ሲመስለን አስቀድመን ባለቤቶቹን እንጠይቅ። ይዘውት የሚመጡት፣ ትርጉሙን የሚነግሩን፣ ካልፈቀዱም «አይሆንም» የሚሉን እነርሱ ይሁኑ። ያን ቀን እኒያን እናት አስቀድመን ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት በትሩ ባልዞረ፣ እርሳቸው ግን ብዙ ባስተማሩን ነበር።