ማንንም ሳይቀድሙ

ብስክሌት ይዞ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው በየመንገዱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ወደ ሰንዳፋ ይሂድ ወደ ሱሉልታ፣ ጠያቂው እረኛ ይሁን ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ነጋዴ፣ መጀመሪያ የምትመጣው «ለየትኛው ክለብ ነው?» የምትለዋ ናት። ክለብ የለኝም ላለ ሰው ደግሞ ሁለተኛዋ ትከተላለች፤ «ታዲያ ለምንህ ነው?»

ከዚህች ከሁለተኛዋ ጥያቄ ጋር እነሆ ጥቂት ዓመታት አብሬ ኖሬአለሁ። ከጽሑፍ ሥራ በተረፈኝ እሑድ አሮጌ ኮርሳ ብስክሌቴን ይዤ እወጣለሁ። ተወዳድሬ አላውቅም፤ ወደፊትም የመወዳደር አሳብ የለኝም። አንድ ጊዜ ጫንጮ ላይ ውሃ ልገዛ ስቆም አንድ አባት ላቤን አይተው፣

«ልጄ፣ ማንን ነው የምታባርረው?» አሉኝ።

«ማንንም አባባ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያባርርህ?»

«ማንም።»

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ምን ያስቸኩልሃል? ቁጭ በልና ሻይ ጠጣ» አሉ። ቁጭ ብዬ ጠጣሁ። ስለ ብስክሌት ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

መቼም በአገራችን ስፖርትና ሜዳሊያ ተለያይተው አያውቁም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ መሮጥ ሲባል ማሸነፍ ይታሰበናል። ብስክሌቱም የራሱ ክብር አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ ከተሰለፉት 12 ስፖርተኞቻችን መካከል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህን ሰዎች አከብራለሁ፤ ቱር ደ ፍራንስንም በቴሌቪዥን ሳይ ከወንበሬ ብድግ ከሚሉት አንዱ ነኝ። ዳሩ ግን በእነሱና ብስክሌቱን የዕቃ መጫኛ ባደረገው የባሕር ዳር ሰው መካከል፣ እንዲያው ደስ ስለሚለው ብቻ ለሚነዳ ሰው ቦታ ያለው አይመስልም። ስም እንኳ የለውም። ቋንቋችን ራሱ ያሳብቃል። ልጅ ኳስ ይጫወታል፤ አዋቂ ግን ስፖርት «ይሠራል»። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚሮጠውን ሰው ብትጠይቁት «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ይላችኋል እንጂ «እየተጫወትኩ ነው» አይልም። ቢልም ጤንነቱን የሚጠራጠር አይጠፋም።

እንደኔ እንደኔ፣ የማይወዳደረው ብስክሌተኛ ተወዳዳሪ መስሎ ለመታየት ያን ያህል የሚደክመው ከዚህ የተነሣ ነው። የባለሙያውን ልብስ ይለብሳል። የቡድን ስም ጀርባው ላይ ይለጥፋል፤ ከቡድኑ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ። መሪውን ዝቅ አድርጎ ወገቡን ያጎብጣል። ስልኩ ላይ ደግሞ ስትራቫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም እያንዳንዱን ዳገት ይለካና ነጂዎቹን በተርታ ያሰልፋቸዋል። አንድ ሰው ብቻዬን ነኝ ብሎ በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ዳገት ሲወጣ ቆይቶ፣ ቤቱ ሲገባ መቶ አርባኛ መውጣቱ ይነገረዋል። ደስ ብሎት የወጣው ዳገት ያን ጊዜ ይበላሽበታል።

ይህ ሁሉ ምን ያተርፋል ብሎ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ብስክሌተኛን የሚይዘው አየር በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩ አራት እጥፍ ይገፋዋል፤ ያንን ለመርታት እግሩ በየሰከንዱ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሜዳ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው «33 ላድርገው» ቢል፣ ለአየሩ ብቻ የሚከፍለው አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ነው። ያተረፈውስ? 30 ኪሎ ሜትሩን በ60 ደቂቃ ፈንታ በ54 ደቂቃ ተኩል መጨረስ። ለባለሙያው ይህች አምስት ደቂቃ ተኩል እንጀራው ናት፤ ለእሷም ሲል አንዱ ካንዱ ኋላ ተደብቆ፣ ነፋሱን ተራ በተራ እየተከፋፈለ ይሄዳል። ብቻውን የሚሄደው የእሑድ ነጂ ግን ደቂቃዋን የት ያደርጋታል? ክብደትም እንዲሁ ነው። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ አንድ ኪሎ የሚቀል ብስክሌት በአንድ ሰዓት ዳገት ላይ የሚያድነው 45 ሰከንድ ቢሆን ነው። ለዚያች 45 ሰከንድ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያውቀው የገዛው ሰው፣ ከእሱም ይልቅ ሚስቱ ናት።

የጎማውን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎች የሚነዱት 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አየሩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጎማ ነበር። ተራው ነጂም ይህንኑ ገዝቶ በኛ የተቦረቦረ አስፋልት ላይ አጥንቱን ሲያናውጥ ኖረ፤ ከመነዳሪውን ለጎሚስታ ሲያስለጥፍም ከረመ። ባለፈው አሥር ዓመት ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ወደ 28 ሚሊ ሜትር ዞሩ። ሰፋ ብሎ ለስለስ ያለ ጎማ በሻካራ መንገድ ላይ እንደማያዘገይ ደረሱበታ። የተኮረጀው ነገር ለኮራጁ ቀርቶ ለባለቤቱም አልበጀም ነበር ማለት ነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ቱር ደ ፍራንስን እ.ኤ.አ. በ1903 የመሠረተው አንሪ ዴግራንዥ ራሱ ተወዳዳሪ የነበረ ሰው ነው፤ በ1893 በአንድ ሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ከ325 ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ለእሱ ብስክሌት የጡንቻ መፈተኛ ነው። ማርሽ መቀያየርን የሽማግሌዎች ነገር አድርጎ ይንቅ ነበር። በቱር ደ ፍራንስ ዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች እየነዱ ማርሽ እንዲቀይሩ የተፈቀደላቸው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ዳገት ሲመጣ ከብስክሌት ወርደው የኋላ ጎማቸውን ፈትተው ይገለብጡ ነበር፤ በሌላው ጎኑ ለዳገት የሚሆን ጥርስ አለዋ።

በዚያው ዘመን ሳንት ኤቲየን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ፖል ደ ቪቪ የሚባል የሐር ነጋዴ ነበር፤ በብዕር ስሙ ቬሎሲዮ። በ1887 «ለ ሲክሊስት» የተባለ መጽሔት አቋቁሞ እስከ ሞተበት እስከ 1930 ድረስ ስለ ጉዞ፣ ስለ ማርሽ፣ ስለ ምግብ ሲጽፍ ኖረ። ሰነፍ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ቀኑን የሚደግም ሰው ነው። ለነጂዎች ከተዋቸው ምክሮች መካከል ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ የሚሉ አሉበት። የእኔን ልብ የወሰደው ግን ለሰው ዓይን ብላችሁ ፔዳል አትርገጡ የሚለው ነው። እሱ የተጠቀመበት የፈረንሳይኛ ቃል «አሙር ፕሮፕር» ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ ራስን መውደድ። ይህን ቃል ወደ አማርኛ እንዴት እንደማመጣው ብዙ አውጠንጥኛለሁ። ኩራት ልበለው ብል አይሞላም፤ ኩራተኛ የሰው አስተያየት አይገደውም። ታይታ ይቀርበዋል፤ ግን ታይታ ተመልካች ይፈልጋል፤ ይህኛው ባዶ መንገድ ላይም አይለቅም። ይሉኝታ እንዳልለው ይሉኝታ ደግ ጎንም አለው፤ እንግዳን የምናስተናግድበት ነው። ከሁሉ የሚቀርበው «እልህ» መሰለኝ።

እልህ ግን ሁለት ነው። ዳገት የሚያመጣው እልህ አለ፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው እልህ አለ። የመጀመሪያው ውስጥ ደስታ አለበት። ሱሉልታን አልፎ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታህ ጥርስህን ነክሰህ የምትገፋው፣ ካንተና ከነፋሱ በቀር ማንም የማያውቀው ነው። ሁለተኛው ግን ያ ያለፈህ ሰው ከአድማስ ሲጠፋ እንኳ አይበርድም። ማለዳውንም፣ የባሕር ዛፉን ሽታም፣ ጤፍ ማሳው ላይ የሚተኛውን ብርሃንም አያሳይህም።

«ይህ የተሸናፊ ፍልስፍና ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ማሸነፍ ያልቻለ ማሸነፍን ይንቃል ይላሉ። አነጋገራቸው እውነት የለውም አልልም፤ ዝግታን እንደ ጽድቅ የሚቆጥር፣ ፈጥኖ የሚያልፈውን ሁሉ በንቀት የሚያይ ነጂ አጋጥሞኛል። እሱም ያው ተወዳዳሪ ነው፤ የሚወዳደረው በመንፈሳዊነት ሆነ እንጂ። ውድድር ራሱም ክፉ አይደለም። ከጓደኛ ጋር ለገጣፎ ሰሌዳው ድረስ መሽቀዳደም የመሰለ ነገር የለም፤ ሻይ ሲቀርብ ማን እንዳሸነፈ ተረስቷል። ነገሩ የሚበላሸው ሳይረሳ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒውዮርክ ሰዎች ከኪሳቸው ከፍለው በሚነዱበት የአማተሮች ጉዞ ላይ ሁለት ሰዎች ኢፒኦ የተባለውን ደም የሚያበዛ መድኃኒት ወስደው ተገኙ። በዚያው ዓመት ላንስ አርምስትሮንግ ሰባት የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹን ተነጠቀ። የአርምስትሮንግ ይገባኛል፤ ገንዘብ አለ፣ ዝና አለ፣ መንግሥት የሚያህል ቡድን አለ። ከፍሎ ለመዝናናት የመጣው ሰው ግን በገዛ ደሙ ላይ ያን ያህል የጨከነው ማን እንዲያይለት ነው?

በሌላ በኩል ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ አለ። ከፓሪስ ተነሥቶ አትላንቲክ ዳር እስካለችው ብሬስት ደርሶ መመለስ ነው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል። በ1891 ሲጀመር የባለሙያዎች ውድድር ነበር፤ ባለሙያዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደሩበት በ1951 ነው። እነሱ ቢተዉትም ጉዞው አልሞተም። በየአራት ዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች ይነዱታል፤ በ2023ም ነድተውታል። የሚሰጠው ረጅሙ ጊዜ 90 ሰዓት ነው፤ ምግቡም እንቅልፉም ተጨምሮ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አንደኛና ሁለተኛ የሚባል የለም። በሰዓቱ የደረሰ ሁሉ ደርሷል። ይህን ተሸናፊነት ነው የሚል ካለ 400ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በሌሊት ይሞክረው።

አማርኛችን ደግሞ አንድ ያልተጠቀምንበት በር ትቶልናል። አዋቂ አይጫወትም አልኩ እንጂ ይጫወታል፤ «ቁጭ በሉ እንጫወት» ስንል ማውራታችን ነው። በዚያ ጨዋታ አሸናፊ የለም፤ አሸናፊ ከመጣ ስሙ ተለውጦ ክርክር ይባላል። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ግን ይከበራል፤ ተፈልጎ ይጠራል፤ ለምን ትጫወታለህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ብስክሌትን በዚህኛው ትርጉም መጫወት የሚቻል ይመስለኛል፤ ከመንገድ ጋር፣ ከዳገት ጋር፣ አብሮ ከሚነዳ ሰው ጋር።

ለማለት የሚቀልለውን ያህል ለማድረግ አይቀልልም። በተለይ እንጦጦ ላይ አይቀልልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ተራራ ስወጣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከቁመታቸው በላይ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አግኝቻለሁ። እነሱም ያልባቸዋል፤ እኔም ያልበኛል። የእነሱ ላብ ዋጋ አለው፤ የእኔ ግን ለምን? የተወዳዳሪ ልብስ እዚህ ቦታ ላይ ይመቻል፤ ሥራ ላይ ያለ ያስመስላል። ነገር ግን እኔ ስለተሠቃየሁ ከእሳቸው ሸክም አንዲት ጭራሮ አትቀንስም። የምቀጣው ራሴን ብቻ ነው፤ ለእሳቸውም የሚተርፍ ነገር የለውም። ደስታዬን ደብቄ ሥቃዬን ባሳይ ትሕትና አይሆንም፤ ሌላ ዓይነት ውሸት ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ብስክሌቱን ሲያዩ ቆይተው «ይከብዳል?» አሉኝ። ያንሡት ብዬ ሰጠኋቸው። በአንድ እጃቸው ከፍ አደረጉትና ሳቁ። «ይቺን ይዘህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?»

«ዳገቱ ነው እማማ።»

«ታዲያ ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ትንሽ አዩኝ። «ሲወርዱበትስ እንዴት ነው?» አሉ፣ ወደ ከተማው ቁልቁል እያመለከቱ።

«ሲወርዱበትማ ልብ ያጠፋል።»

«እሱስ ደስ ሳይል አይቀርም» አሉና ገመዳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ተነሡ።